412 ወይስ 357? ባለ አንድ ዓይንና ባለ ሁለት ዓይን ርቀት መለኪያ

ደጀን አፋፍ ላይ ሆነን ሁለት የአደን የሌዘር ርቀት መለኪያ ወደ አንድ ድንጋይ አዞርን። ባለ ሁለት ዓይኑ፣ ማለትም መለኪያ ያለው ባይኖኩላር፣ 412 አለ፤ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት ባለ አንድ ዓይኑ 357። ድንጋዩ ያው፣ የቆምንበት ያው፣ ሁለቱም አዲስ፣ የሁለቱም ባትሪ ሙሉ። መካከላቸው ግን 55 ሜትር ገብቷል። ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ፣ ይዟቸው የመጣው የአጎቴ ልጅ ነው፤ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ሊመልስ። መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ «እስቲ አንተ ታውቃለህ ይሉሃል፤ የትኛው ነው የሚዋሸው?» አለኝ።

አጠገባችን ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ። እሳቸው ሳይጠየቁ መለሱ፦ «ምን ሩቅ አላችሁና ነው ልጆቼ? እዚህ እኮ ነው፤ ቢጣሩ ይሰማል።» አልተሳሳቱም፤ ገደል ርቀትን ይውጣል። በመካከል ያለው መሬት ስለማይታይ ዓይን የሚቆጥረው ነገር ያጣና ማዶውን ጎትቶ ያቀርበዋል። መለኪያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የአጎቴ ልጅ ጥያቄ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ባለ አንድ ይሻላል ወይስ ባለ ሁለት የሚለኝ ሰው ሁሉ መልሱን በዓይኑ ቁጥር ውስጥ ይፈልጋል። እኔም ለብዙ ሰው እንደዚያው ስመልስ ኖሬያለሁ። የዚያ ቀን 55 ሜትር የተደበቀው ሌላ ቦታ ነበር።

ሦስት ተጠርጣሪዎች

መጀመሪያ የጠረጠርነው ሣሩን ነው። ወሩ መስከረም ነበር፤ አፋፉ ላይ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ሌዘር መርፌ ይመስለናል እንጂ በሄደ ቁጥር ይሰፋል። በአደን መለኪያዎች ላይ የተለመደው ስፋት 1.5 በ0.5 ሚሊራዲያን ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊራዲያን በ1000 ሜትር ላይ አንድ ሜትር የሚሰፋ ማዕዘን ነው። በ400 ሜትር ላይ ይህ 60 በ20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሰስ የምትባለው የገደል እንስሳ ቁመቷ እስከ ትከሻዋ ከ60 ሳንቲ ሜትር ስለማይበልጥ፣ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ብርሃኑ ገሚሱ እሷን፣ ገሚሱ ከኋላዋ ያለውን ገደል ይመታል። ከፊት ሣር ወይም ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ ቀድሞ የሚመለሰው ከዚያ ነው። ሆኖም ሣሩ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 20 ወይም 30 ይል ነበር። ከአፋፉ እስከ ድንጋዩ ድረስ ያለው ባዶ አየር ስለሆነ 357 ከየትም ሊመጣ አይችልም። ሣሩ በነጻ ተሰናበተ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ያርድ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መለኪያ ብዙ ጊዜ ከካርቶን የሚወጣው በያርድ ተሞልቶ ነው። አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ ከመቶ ዘጠኝ ያህል ይሆናል፤ ሳያዩ ለሚያልፉት ትንሽ፣ ለሚተኩስ ሰው ግን ትልቅ ስሕተት ነው። 412ቱ ያርድ ቢሆን ሜትሩ 377 ነበር። አሁንም 20 ሜትር ተረፈ። ማሳያዎቹን ስናይ ደግሞ ሁለቱም በሜትር ተሞልተዋል። ያርዱም ተለቀቀ።

ሦስተኛው የቆምንበት ቁልቁለት ነው። ድንጋዩ ከእኛ በታች ነበር፤ መለኪያው ማዕዘኑን ሲያሳይ 30 ዲግሪ አለ። የ30 ዲግሪ ኮሳይን፣ ማለትም ያዘነበለን መስመር ወደ አግድም የሚቀይረው ቁጥር፣ 0.866 ነው። 412 ሲባዛ በ0.866፣ 356.8 ይሆናል። 357 ማለት ነው።

የዋሸ አልነበረም። ባለ ሁለት ዓይኑ የተናገረው ዓይን ቁልቁል የተጓዘበትን መስመር ነው፤ ባለ አንድ ዓይኑ ደግሞ ያንን መስመር መሬት ላይ አስተኝቶ አግድሙን ነገረን። ባለ ሁለት ዓይኑም ይህን ሒሳብ ያውቃል። ሜኑው ውስጥ ጠፍቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተጭነን ስናበራው እሱም 357 አለ። 55 ሜትሩን የፈጠረው ሜኑው ውስጥ መብራት ያለበት አንድ መስመር መጥፋቱ ነው እንጂ አንድ ዓይን ወይም ሁለት ዓይን መሆን አይደለም።

ለጠመንጃ የሚያስፈልገው አግድሙ ነው። ጥይትን ወደ መሬት የሚስባት ኃይል የሚሠራው በአግድሙ ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ቁልቁል 412 ሜትር የተጓዘች ጥይት ከመስመሯ የምትወርደው ሜዳ ላይ 357 ሜትር እንደሄደች ያህል ነው። ተኳሹ 412 ብሎ ከፍ አድርጎ ካለመ ጥይቱ በእንስሳው ጀርባ ላይ ያልፋል፤ በተለመደ የአደን ጥይት ስሕተቱ ከስንዝር ይበልጣል። ሽቅብ ሲተኮስም ያው ነው፤ ብዙ ሰው ሽቅብ ተቃራኒ ይሆናል ብሎ ይሳሳታል። መጠኑን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። በ300 ሜትር መስመር ላይ 10 ዲግሪ ሲሆን አግድሙ 295 ነው፤ ይህን መርሳት ይቻላል። በ20 ዲግሪ 282፣ በ30 ዲግሪ 260፣ በ45 ዲግሪ 212 ይሆናል። ሜዳ ላይ ለሚያድን ሰው ማዕዘን አስልቶ መስጠት ጌጥ ነው። ዓባይ በረሃን ወይም የጮቄን ሸንተረር ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ የሌለው መለኪያ፣ ባለ ሁለት ዓይንም ይሁን፣ ሱቁ ውስጥ ይቅር።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው

ሁለቱም ዓይነቶች በውስጣቸው አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። 905 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ የማይታይ የብርሃን ምት ይልካሉ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ ጊዜውን ለሁለት ያካፍላሉ። 300 ሜትር ደርሶ ለመመለስ ብርሃን 2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል፤ አንድ ሜትር ለመለየት ደግሞ ሰዓቱ ወደ 6.7 ናኖ ሰከንድ የሚሆን ልዩነት መያዝ አለበት። ይህ ቴክኖሎጂ ከባይኖኩላር ጋር ተዋህዶ ለአዳኞች የቀረበው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ የላይካ ጌኦቪድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ወረደ፣ መጠኑ አነሰ፤ መርሑ ግን አልተለወጠም።

ካርቶኑ ላይ «2000 ሜትር» ሲባል ብርሃን አጥርቶ የሚመልስ ነገር፣ ለምሳሌ ነጭ ሰሌዳ፣ በጥሩ አየር ሲለካ ማለት ነው። ዛፍ ከዚያ ያነሰ ይመልሳል፤ የእንስሳ ፀጉር ደግሞ ግማሹንም ላይመልስ ይችላል። የቀትር ፀሐይ ተቀባዩን በሌላ ብርሃን ታጥለቀልቀዋለች፤ ስለዚህ ያው መሣሪያ አመሻሽ ላይ ከቀትር ይልቅ ሩቅ ይለካል። ጭጋግ፣ ካፊያ፣ በበጋ የሚቃጠል ማሳ ጭስ ብርሃኑን መንገድ ላይ ይበታትኑታል። በካርቶኑ ቁጥር ብቻ የሚገዛ ሰው «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው» የተባለው ይደርስበታል። በእኔ ግምት ካርቶኑ ላይ 1000 የሚል መለኪያ ለማንኛውም ጨዋ አዳኝ ይበቃል፤ እንስሳ ላይ 400 ወይም 500 ከሰጠ ከዚያ በላይ መተኮስም አይገባም። አንድ ነገር ግን ልመን፦ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት መሣሪያ በቅርብ ርቀትም ቢሆን በጭጋግና በቀትር ፀሐይ ቶሎ ይመልሳል። የሚገዛው ፍጥነቱ ነው እንጂ ርቀቱ አይደለም።

እዚህ ላይ ባለ ሁለት ዓይኑ አንድ ትክክለኛ ብልጫ አለው። የሚመለሰውን ብርሃን የሚቀበለው በትልቁ ሌንስ በኩል ከሆነ፣ 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ24 ሚሊ ሜትሩ ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል።

መለካት ሁለት ሰከንድ፣ ማየት ግማሽ ቀን

«ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው ሁለት ዓይን ለረጅም እይታ ይበረታል። አደን አብዛኛው ጊዜ መቀመጥና ማየት ነው፤ ገደሉን በክፍል በክፍል መፈተሽ፣ ጆሮ የምታህል ነገር ከቁጥቋጦ ሥር መፈለግ። አንድ ዓይን ጨፍኖ ይህን ሰዓት ሙሉ ማድረግ ፊትን ያደክማል፣ ግንባርን ያሳምማል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰው ማየቱን ይተውና ማሰስ ብቻ ይቀረዋል። ባለ አንድ ዓይኑ 6 ወይም 7 እጥፍ ያጎላል፣ ሌንሱ ከ21 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተሠራው ለመለካት ነው። ባለ ሁለቱ ብዙ ጊዜ 10 በ42 ነው፤ 10 እጥፍ ያጎላል፣ ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር ነው።

በምሽት ብርሃን ላይ ግን ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይራራቁም። 42 ለ10 ሲካፈል 4.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ 24 ለ6 ሲካፈል 4። ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ተቀራራቢ ነው። ባለ አንድ ዓይኑን በምሽት የሚጎዳው ሌላ ነው፦ ርካሾቹ ቁጥሩን የሚያሳዩት በጥቁር ኤልሲዲ ነው። ያ ማሳያ ራሱ ብርሃን ይበላል፣ ጥቁሩ ቁጥርም በጨለመ ቁጥቋጦ ላይ አይነበብም። ቀይ የሚያበራ ማሳያ ያለው ትንሽ ቢወደድም እሱን መግዛት ነው። ቀዩም ቢሆን ድምቀቱ የሚቀነስ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሲመሽ ዓይን ያጥበረብራል።

ክብደት ሲነሳ ሁሉም ባለ አንድ ዓይኑን ያወድሳል፤ 200 ግራም ገደማ ነው፣ ኪስ ይገባል። ባለ ሁለቱ 900 ግራም ወይም ኪሎ ይመዝናል፤ በአንገት ማሰሪያው ብቻ ቀን ሙሉ ከተንጠለጠለ ማጅራት ይቆርጣል፣ ትከሻ ለትከሻ የሚያያዝ ማንገቻ ይፈልጋል። ነገር ግን ባለ አንድ ዓይን የያዘ ሰው ለማየት ተራ ባይኖኩላርም መያዙ አይቀርም። 200 ሲደመር 700 ያው 900 ነው።

ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው በእንቅስቃሴ ነው። እንስሳውን በባይኖኩላር አገኘኸው፤ ባይኖኩላሩን ታወርዳለህ፣ ኪስ ትገባለህ፣ መለኪያውን ታወጣለህ፣ ከ10 እጥፍ ወደ 6 እጥፍ ወርደህ ያንኑ ቁጥቋጦ እንደገና ትፈልጋለህ፣ ትጫናለህ። ቢፈጥን 8 ወይም 10 ሰከንድ፣ ሁለት ትልልቅ የክንድ እንቅስቃሴ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ የዝንጀሮ ዘበኛ ይህን አይቶ ዝም አይልም። ማፋጠን ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሆናል፤ ያልተረጋጋ እጅ ሣሩን ይለካል። በባለ ሁለት ዓይኑ ግን አንድ ጣት ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

እንግዲህ ባለ ሁለቱ ይገዛ? ገንዘቡ ከበቃ። መጠነኛ ባለ አንድ ዓይን ከ150 እስከ 600 ዶላር ይገኛል፤ ጥሩ ባለ ሁለት ዓይን ከ1000 ተነሥቶ ከ3000 ያልፋል። ከዚያ በታች ያሉት፣ በተለይ ከ500 በታች የሚሸጡ ባለ ሁለቶች፣ አይጥሙኝም። ገንዘቡ ለሌዘርና ለመስታወት ሲካፈል የሚጎዳው መስታወቱ ነው፤ ቁጥር የሚሰጥ ግን ጠርዙ የሚደበዝዝ መነጽር ይተርፋል። 700 ዶላር ላለው ሰው 400ውን ለጥሩ ተራ ባይኖኩላር፣ 300ውን ለባለ አንድ ዓይን መለኪያ ማዋል በእኔ ፍርድ ይበልጣል። በቀስት ለሚያድን ደግሞ ክርክሩ የለም፤ 40 ሜትር ውስጥ ለሚሆን ነገር ኪሎ ሙሉ መሸከም ምንድን ነው?

የሚንቀጠቀጥ እጅ ለሁለቱም ጠላት ነው፤ 10 እጥፍ ሲሆን መንቀጥቀጡም 10 እጥፍ ነው። የጎጃም ሰው ከእጁ የማትለየው ዱላ እዚህ ታገለግላለች። ተቀምጦ ዱላውን ፊት ለፊት መትከል፣ መነጽሩንና ዱላውን በአንድ ላይ መጨበጥ፣ ክርኖችን ጉልበት ላይ ማሳረፍ። ካብ ካለ ጋቢ አጣጥፎ በላዩ ማስደገፍ ይቻላል። ባለ አንድ ዓይኑ ቀላል ስለሆነ በአንድ እጅ መያዝ ያምራል፤ ቁልፉ ሲጫን ግን ያ አንድ እጅ ወደ ታች ይስበዋል። ሁለተኛውን እጅ ከሥሩ ማድረግ ነው።

ምን ይበላሻል፣ እንዴት ይፈተሻል

ባለ ሁለት ዓይኑ ከበቅሎ ላይ ከወደቀ ሁለቱ ቱቦዎች ይዛነፋሉ። ምስሉ ሁለት ባይሆን እንኳ ዓይን በግድ ሊያገጥመው ሲታገል ራስ ምታት ያመጣል። ይህን አገር ቤት በቀላሉ የሚያስተካክል የለም፤ ለጥገና ሲላክ ማያውም መለኪያውም አብረው ይሄዳሉ። ባለ አንድ ዓይኑ የሚዛነፍ ጓደኛ የለውም። ባትሪ ሲያልቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ባለ ሁለቱ መነጽርነቱ ይቀራል፤ ኤልሲዲ ያላቸው አንዳንድ ባለ አንዶች ደግሞ እይታቸው ራሱ ይጨልማል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በሲአር-2 ባትሪ ነው። ይህ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ በየሱቁ የሚለቀም አይደለም፤ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ይዞ መምጣት፣ መሣሪያው ለወራት ሲቀመጥ ባትሪውን ማውጣት።

«ቁጥሩ ደበዘዘ» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ችግር አይደለም። ባለ ሁለት ዓይኑ ላይ ቁጥሩ የሚታየው በአንዱ ቱቦ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያንን ዓይን ብቻ ከፍቶ በዓይን ማስጠጊያው ያለውን ቀለበት እያዞሩ ቁጥሩን ማጥራት፣ ቀጥሎ በመካከለኛው መዘውር ሩቅ ያለ ነገር ማጥራት፣ በመጨረሻ ሌላውን ዓይን በራሱ ቀለበት ማስተካከል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወይ ምስሉ ወይ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይደበዝዛል። ቁጥሩ በቀኝ ቱቦ ሆኖ የሚገዛው ሰው ግራ ዓይኑ የሚያይለት ከሆነ ሱቅ ውስጥ ሞክሮ ይግዛ፤ ባለ አንድ ዓይኑ ግን ለየትኛውም ዓይን ይሆናል።

«መለኪያው አይለካም» ሲባልም መጀመሪያ አውራ ጣትን ማየት ነው። ባለ አንድ ዓይኑ ፊት ለፊት ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል። ትንሿ መስኮት በጣት ወይም በማሰሪያ ከተሸፈነች በቁጥር ፈንታ ሰረዝ ብቻ ያሳያል።

መሃል ላይ ያለችው ነጥብና ሌዘሩ የሚያርፍበት ቦታ አንድ መሆናቸውን በመብራት ምሰሶ ማወቅ ይቻላል። 150 ሜትር ያህል ርቆ ከኋላው ሰማይ ብቻ ያለ ምሰሶ ይመረጣል። መለኪያው ያለማቋረጥ በሚለካበት ሞድ ላይ አድርጎ ነጥቧን ከግራ ወደ ምሰሶው ቀስ ብሎ ማስጠጋት፤ ቁጥሩ የታየበትን ቦታ መያዝ። ከቀኝም እንዲሁ። ከዚያ መለኪያውን በጎኑ አጋድሞ መድገም። ቁጥሩ ነጥቧ ምሰሶው ላይ ሳትደርስ ከአንድ ወገን የሚመጣ ከሆነ ሌዘሩ ወደዚያ ያጋደለ ነው። ትንሽ ከሆነ ማወቁ ይበቃል፤ ብዙ ከሆነ መመለስ።

ሁለት ሞዶችንም መለየት ያስፈልጋል። አንዱ መጀመሪያ የተመለሰውን ይይዛል፣ ሌላው መጨረሻ የተመለሰውን። መስከረም ላይ በሣር መካከል ለሚለካ ሰው የመጨረሻው ይሻላል፤ ሣሩን ዘሎ ከኋላ ያለውን ያነባል። ጉብታ ላይ ከቆመ እንስሳ ኋላ ተራራ ካለ ግን ያው ሞድ የተራራውን ርቀት ይሰጣል። ሦስት ጊዜ መለካት፤ ሁለቱ ከተስማሙ መቀበል።

ለማጽዳት መጀመሪያ እፍ ብሎ ማራገፍ፣ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ መጨረሻ ላይ በሌንስ ጨርቅ። የጤፍ ገለባ አቧራ ያረፈበትን ሌንስ በነጠላ ጫፍ ማሸት ቅቡን ይፍቀዋል። በክረምት ረጥቦ የገባን መነጽር በቆዳ ማኅደሩ ዘግቶ ማስቀመጥ ደግሞ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል።

ስለ ፈቃድ አጭር ቃል። በኢትዮጵያ ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው፤ የአጎቴ ልጅም የሚያድነው እዚያ ፈቃድ ባወጣበት ኮሎራዶ ነው፣ ጎጃም ላይ የሚያደርገው ማየት ብቻ። ባይኖኩላር ቦሌ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፣ ሊያዝም ይችላል፤ ሳይሳፈሩ መጠየቅ፣ ሲገቡ ማስመዝገብ። በአሁኑ ጊዜ ገጠር ውስጥ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዞር የሚያመጣውንም ጣጣ አንባቢ ያውቀዋል።

ከአፋፉ ስንመለስ ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁት። «ለመሆኑ እዚያ ቤት የምታይበት መነጽር አለህ?»

«አለኝ፤ አሥር በአርባ ሁለት ነው። ጥሩ ነው። ምነው?»

ባለ ሁለቱ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። በባለ አንድ ዓይኑ ጎን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ «ሜትር፣ አግድም» ብሎ ጻፈበት፤ ኮሎራዶ ሲደርስ «ያርድ» ብሎ ሊቀይረው።